መኖሯ እንኳ አይታወቅም

የእኔ ማይክሮዌቭ ጮኾ አያውቅም። ምግቤን ከትቼ ከፊቱ እቆማለሁ፤ አንድ ሴኮንድ ሲቀረው በሩን ከፍቼ አወጣዋለሁ። ቴሌቪዥን የማየው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ማስነጠስ ሲመጣብኝ ፊቴን ትራስ ውስጥ እቀብራለሁ። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ኮቴን ደርቤ እወጣና አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀምጬ አወራታለሁ፤ ክረምትም ቢሆን።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ባላቸው በሞት የተለዩአቸው አንዲት ሴትዮ ቤት ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለው ክፍል ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ቤቱን ለማየት የመጣሁ ዕለት ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ፣ ሳይሰጡኝ በፊት፣ ስለ ቀድሞዋ ተከራይ አጫወቱኝ። ስልክ ስታወራ መንደሩ ይሰማል፤ ስትስቅ አይጣል ነው፤ በር ስትዘጋ ቤቱ ይናጋል። «እኔ ደግሞ ልጄ፣ ጫጫታ አልችልም» አሉኝ። ሰባት ቤት አይቼ መልስ ያጣሁበት ሳምንት ነበርና «አያስቡ እትዬ፣ እኔ ድምፅ የለኝም» ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ።

የለየለት ውሸት ነበር። አዲስ አበባ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስሠራ የታወቅሁት በድምፄ ነው። የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ኮሪደሩ በአመልካች ይጨናነቃል። ማይክሮፎን የሚባል ነገር አልነበረንም። እኔ በሩ ላይ እቆምና የተፈታኞቹን ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው እጠራለሁ። ደረጃው ሥር ሲጋራ የሚያጨሰው ሳይቀር «አቤት!» ብሎ እየሮጠ ይመጣል። ዘበኛችን «ሬዲዮኑ ተከፈተ» ይል ነበር። የፈራ ልጅ ሲገባ «ምነው፣ ልንበላህ ነው እንዴ?» እለዋለሁ፤ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ደህና ይፈተናል። አለቃዬ «ይሄ መሥሪያ ቤት ነው፣ ሠርግ ቤት አይደለም» እያለ ይቆጣኝ ነበር። እሱም ግን ዞር ብሎ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

አሁን የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሬድ ላይን የሚባለውን ባቡር እይዛለሁ፤ ጋለሪ ፕሌስ ወርጄ ወደ የሎ ላይን እቀይራለሁ። ባቡሩ ወንዙን ሲሻገር ውኃና ሰማይ አያለሁ፤ ከዚያ መሬት ሥር ገብቼ የመስታወት ክፍሌ ውስጥ እቀመጣለሁ። ድሮ ሰው የሚከፍለው በመስኮቱ ነበር አሉ። አሁን ማሽን ቆሞላቸዋል፤ ካርዳቸውን ያስነካሉ፣ ዘንጉ ይነሳል፣ ይሄዳሉ። እኔ የማስፈልገው ቲኬት ሲጠፋ ወይም ማሽኑ ሲያኮርፍ ነው። ያኔም የሚመጣው ሰው ተናዶ ስለሆነ ጨዋታ አይፈልግም። «ሃቭ ኤ ጉድ ዋን» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የምትወጣው እሷ ብቻ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ማታ ቤቴ እገባለሁ፤ እዚያ ደግሞ ጭራሽ ዝም ነው።

ብቸኝነት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ እል ነበር። ሰው ያጣ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን አላለቀስኩም። አፌ ነው የዛገው። አንድ ቀን ሱቅ ገብቼ «ግማሽ ኪሎ በርበሬ» ስል ድምፄ ተሰነጣጥቆ ወጣ፤ ባለሱቁ «ጉንፋን ይዞሻል?» አለኝ። አዎ አልኩት።

በዚያው ሱቅ በር ላይ ነው ማስታወቂያውን ያየሁት። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ አማርኛ የሚችል የፍሮንት ዴስክ ሠራተኛ ይፈልጋል ይላል። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከኋላዬ ያለችው ሴት «ይቅርታ፣ ልለፍ» እስክትለኝ ድረስ በሩን ዘግቼ ቆሜያለሁ። ፍሮንት ዴስክ ማለት እኮ በር ላይ ተቀምጦ የሰው ስም መጥራት ነው! ስልክ ይጮኻል፣ ታነሺዋለሽ። ሰው ፈርቶ ይገባል፣ ታረጋጊዋለሽ። ደሞዙ ስንት እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ያን ሥራ እንደ ውኃ ጥም ፈለግሁት።

ከዚያ በፊት ሬዙሜ ሳልክ ቀርቼ አይደለም። ልኬ ልኬ ደክሞኝ ነበር። ዕድሜዬን የሰው ማመልከቻ ሳገላብጥ ኖሬ የራሴን የሚያገላብጥልኝ አጣሁ። ቆሻሻ ላወጣ ስል በር ላይ ከእትዬ ጋር ተገናኘንና ነገሩ ከአፌ አመለጠኝ። እትዬ አንዴ ከሰሙ ዝም አይሉም። «እሁድ ልጄ ትመጣለች፣ የእሷ ሥራ አይደል እንዴ!» አሉኝ። እውነትም ነው፤ ልጃቸው እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ለአንድ ድርጅት ሠራተኛ የምትመለምል ናት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ላይኛው ቤት ወጣሁ። ልጅቷ ላፕቶፗን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ጠበቀችኝ፤ እትዬ ጎመን ይከትፋሉ።

«ኦኬ፣ ያለሽን አሳዪኝ» አለችኝ።

አራት ገጽ ሲቪዬን ሰጠኋት። አንደኛው ገጽ ላይ ፎቶዬ አለ። ከሥሩ ፆታ፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የእናት ሙሉ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። የጤና ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ። መጨረሻው ላይ ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጬአለሁ።

«ዌይት» አለች፤ «ይሄ ሬዙሜ ነው ወይስ ፓስፖርት? ሄልዝ ስታተስ? ሲሪየስሊ? ማን ጠየቀሽ?»

«አገር ቤት ካልጻፍሽ የታመምሽ ይመስላቸዋል» አልኳት።

እትዬ ቢላቸውን እንደያዙ ዞር አሉ። «ጤናዋን መጻፏ ምን ክፋት አለው?»

«ማም፣ ፕሊስ።»

ከዚያ መቁረጥ ጀመረች። ፎቶዬን ዲሊት አደረገችው። ቀበሌዬ ሄደ፣ ጋብቻዬ ሄደ፣ ፊርማዬ ሄደ። የእናቴ ስም ላይ ስትደርስ ዓይኔን ከስክሪኑ አንስቼ የእትዬን ጎመን አየሁ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ ያገሩ ወግ ነው። ቀጣሪ የሚያየው ቶሎ ብሎ ነው፣ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ካላገኘ ያልፍሻል አለችኝ። ይሄንንስ እኔም አውቀዋለሁ። ስንቱን አልፌዋለሁ።

«እዚያ ቢሮ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሠራተኛ እንቀጥር ነበር። ፋይል እናደራጅ ነበር።»

«እኛ ማነው? ቢሮው ነው እንዴ አፕላይ የሚያደርገው?»

«እኔም አለሁበታ።»

«እንግዲያው እኔ በይ። አይ ዲድ ዚስ፣ አይ ዲድ ዛት። ምንድነው አንቺ ከሌላው ሰው የምትበልጪበት?»

ምን ልበላት? እናቷ እዚያ ቆመዋል። ትልቅ ሰው ፊት «ድምፄ ያስተጋባል፣ ሰው አስቃለሁ፣ የፈራ አረጋጋለሁ» ልበል? እኛ አገር ሰው ያመሰግንሻል እንጂ ራስሽን አታመሰግኚም። ያን ያደረገች ሴት ስሟ ጉረኛ ነው። አንገቴን ደፍቼ «ስም እጠራ ነበር» አልኳት።

«ስም?»

«የተፈታኞችን ስም። በር ላይ ቆሜ።»

መተየብ ጀመረች። ስትጨርስ አነበበችልኝ። በእንግሊዝኛው ብዙ አመልካቾችን በብቃት ተቀብዬ አስተናግጄአለሁ፣ የተጨናነቀ እንግዳ መቀበያ ለዓመታት መርቻለሁ። አራቱ ገጽ አንድ ሆነ። ጥሩ ገጽ ነበረች፤ በእኔ ጊዜ ወደ ቢሮዬ ብትመጣ ከላይኛው ክምር ላይ ነበር የማስቀምጣት። እዚያ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ ባገኛት ቁጭ ብዬ ባወራኋት አልኩ።

«ናው፣ ሪፈረንስ» አለች። «ሦስት ሰው ስጪኝ። ስለ አንቺ ደውለው የሚጠይቋቸው፣ በደንብ የሚያውቁሽ።»

የፓርኪንጉን ሱፐርቫይዘር ሰጠኋት። የምንገናኘው በቴክስት ነው፤ መንገድ ላይ ቢያየኝ የሚለየኝ አይመስለኝም። የአዲስ አበባውን አለቃዬን ሰጠኋት። ጡረታ ወጥቷል፤ እሱም ከማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት እንደማያነሳ አውቃለሁ። ሦስተኛውን ፈለግሁ። ቤተ ክርስቲያን ሰላም የምንባባል ሴቶች አሉ፤ ስሜን ያውቃሉ፣ ስማቸውን አውቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ልጅቷ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

እትዬ እጃቸውን በፎጣ እየጠራረጉ መጡ። «እኔ አለሁ አይደል እንዴ! እኔን ጻፊ። አራት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረን እኔ ያላወቅኋት ማን ሊያውቃት ነው?» እትዬ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ሆስፒታል ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ደስ ብሏቸው ስልክ ቁጥራቸውን ቀስ እያሉ ተናገሩ። እንባዬ መጣ። ለካ ሰው አለኝ አልኩ።

ሬዙሜው ሠራ። በሳምንቱ ከክሊኒኩ ደወሉልኝና ለኢንተርቪው ሄድኩ።

ማናጀሯ ፊቷ የማይጠቁር ሴት ናት። ታካሚ ፈርቶ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ። «ጥርስ ያለህ አንተ ነህ፣ የምትነክሰውም አንተ ነህ፣ መፍራት ያለብን እኛ ነን እለዋለሁ» አልኳት በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። ሳቀች። ከጀርባ ያለችው የጥርስ አጣቢም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ስለ ኮሪደሩ ነገርኳት፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ሬዲዮኑ። የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ላይ እንግዳ ሆነብኝ፤ ደስም አለኝ። ስወጣ እጄን ጨብጣ፣ አንቺና አንድ ሌላ ሰው ናችሁ የቀራችሁት፣ ሪፈረንሶችሽ ጋ ደውለን እናሳውቅሻለን አለችኝ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ብቻዬን እያወራሁ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኝ ነበር።

መልሱ የመጣው በኢሜይል ነው፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀምጬ። ስላመለከትሽ እናመሰግናለን፣ ሌላ ሰው መርጠናል፣ መልካም ዕድል። ምክንያት የለውም። እኔም ስጽፍ ኖሬአለሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ፤ ምክንያት አይጻፍበትም። ብድግ ብዬ ወጣሁና ማሽኑን በጥፊ አጮልኩት። መኪናው ውስጥ የነበረ ሰውዬ መስኮቱን ቶሎ ዘጋ። «ሃቭ ኤ ጉድ ዋን» አልኩት።

በማግስቱ እሁድ ነበር። እትዬ ምሳ ጠሩኝ፤ ልጃቸውም አለች። እንዳልተሳካልኝ ገና አልነገርኳቸውም። ገና ቁጭ ከማለቴ እትዬ ፊታቸው በርቶ ጀመሩ።

«ደወሉልኝ እኮ! እንዴት አድርጌ እንዳመሰገንኩሽ ብትሰሚ!»

«ምን አሏቸው እትዬ?»

«ሴትዮዋ ‘ምን ዓይነት ሰው ናት?’ አለችኝ። እንደ እሷ ያለ ጨዋ አይቼ አላውቅም አልኳት። ድምጿ አይሰማም። ቤቱ ውስጥ መኖሯ እንኳ አይታወቅም። ቀና ብላ ሰው አታይም፣ ካልጠየቋት አትናገርም አልኳት። ከዚያ ደግሞ ‘የተቆጣ ሰው ቢመጣባትስ?’ አለችኝ። ኧረ እሷ! አልኳት። እኔ ራሴ ስቆጣ እንኳ አትመልስልኝም፤ ክፍሏ ገብታ ዘግታ ትቀመጣለች። ‘ስልክ ላይስ እንዴት ናት?’ አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስልክ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም አልኳት!»

ልጅቷ ጉርሻዋን ከአፏ መለሰች። «ማም» አለች። «ፍሮንት ዴስክ ነው እኮ። ፍሮንት ዴስክ!»

«እና?»

«ሰው የሚያናግር ነው የፈለጉት። አንቺ ደግሞ የማትናገር፣ የማታይ፣ ስልክ የማታነሳ ሰው ናት አልሻቸው።»

«ጨዋ ናት ነው ያልኩት!»

እውነታቸውን ነው። የተጠየቁት ለትዳር ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ሽማግሌ ይላክልኝ ነበር። አንዲትም ክፉ ቃል የለችበትም፤ እናቴ ብትሰማው ኮርታ በመንደሩ ታወራው ነበር። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ማስረዳቷን ቀጠለች። እዚህ አገር ዝምታ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም፣ ቀጣሪ ምን እንደሚያስብ። እትዬ የለበሱትን ሹራብ ጫፍ እያጠፉ አዳመጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ። ቢዋሹብኝ በተጣላኋቸው፣ በቀለለኝም ነበር።

«አልሆነም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልሆነም እትዬ። ግድ የለም፣ ሌላ ይመጣል።»

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አሉ፤ ለልጃቸው ይሁን ለእኔ አላውቅም። «ሌላ ምን አውቅላታለሁ?»

ሥራውን ሳጣ ተናደድኩ እንጂ እንደዚህ አልሆንኩም። ይቺ የእትዬ ቃል ግን ሆዴን አባባችው። በዚህ ሁሉ አገር፣ ከቨርጂኒያው ውድብሪጅ እስከ ሜሪላንዱ በልትስቪል ስንት ሺህ ያገሬ ሰው ተቀምጦ፣ እኔን በደንብ የሚያውቀኝ አንድ ሰው ቢኖር እትዬ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት ደግሞ አለመሰማቴን ነው። ምግቡን እንደምንም ጨርሼ አመሰገንኩና ወረድኩ። በሩን ስዘጋ እንኳ በቀስታ ነው የዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ እኔና እትዬ ተፋፈርን። ሲያገኙኝ «ደህና ዋልሽ?» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ እናልፋለን። እኔ ይባስ ብዬ ቀስ ብዬ መራመድ ጀመርኩ። ልጅቷ ግን አልረሳችኝም። አንድ ቀን ሊንክ ላከችልኝ። አሌክሳንድሪያ ነው፣ የዓይን ክሊኒክ፣ ያው ፍሮንት ዴስክ፣ ያው አማርኛ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ ዛሬውኑ ላኪው፣ ግን ከሪፈረንሱ ማምን አውጥተሽ ሌላ ሰው አስገቢ ብላ ጽፋለች።

ስልኬን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሱፐርቫይዘሬ፣ ፋርማሲው፣ የቀድሞ አከራዬ፣ እህቴ። ሌላ ሰው የለኝም። ሌላ ሰው ከሌለኝ፣ ያለኝ ሰው እንዲያውቀኝ ማድረግ ነው ያለብኝ፤ ይሄን ለማሰብ እስከ ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ከላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይሰማኛል። ሽሮዬን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተትኩና እንደልማዴ ከፊቱ ቆምኩ። አንድ ሲቀረው እጄ ሳላዘው ወደ በሩ ሄደ። መለስኩት። ጮኸ። እንዴት ያለ አስቀያሚ ጩኸት ነው! ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ጮኸ። ላይ ያለው እርምጃ ቆመ።

ያቺን አንድ ገጼን ይዤ ደረጃው ሥር ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቴክስት ነበር የማደርግላቸው። «እትዬ» አልኩ። የወጣው ድምፅ ያ የበርበሬው ዕለት ድምፅ ነው፤ አንድ ደረጃ እንኳ አልወጣም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ድሮ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እንደምቆመው ቆሜ፣ ሆዴን በአየር ሞልቼ፣ እንደገና ጠራሁ።

«እትዬ!»

ቤዝመንቱ መልሶ ጮኸብኝ። ላይ አንድ ነገር ወደቀ፣ ማንኪያ ይመስለኛል።

«አቤት!» አሉ።

በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ለእኔ የሚገባኝ «ወይ» ነበር፤ ደንግጠው ነው። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ግን ጠርቼው አቤት ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው በጥድፊያ ይወርዳሉ።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ? ታመምሽ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩ። ቁጭ ይበሉ እትዬ፣ ላወራዎት ነው» አልኳቸው። ድምፄ ገና አልወረደም ነበር።